የስደተኞችን የአእምሮ ጤና የሚደግፉ የባህል አገናኞች ሥልጠና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ በመሐል አዲስ አበባ በምንሰጠው ሥልጠና ላይ ሠልጣኞች፣ የጤና ባለሙያዎችና ራሳቸው ስደተኞች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

የባህል አገናኝ የሚባለው ምን የሚሠራ ሰው ነው?

የባህል አገናኝ ስደተኛውና የአእምሮ ጤና ባለሙያው ሲገናኙ አብሯቸው ተቀምጦ ቋንቋውን፣ ከቋንቋው በስተጀርባ ያለውንም ልማድና ፍርሃት ለሁለቱም ወገን የሚያስረዳ የሠለጠነ ሰው ነው። አንዳንድ ሰነዶች «የባህል አስታራቂ» ይሉታል፤ እኔ ስያሜውን አልወደውም። ማስታረቅ ያለ ጠብ አይኖርም፤ ስደተኛውና ሐኪሙ ደግሞ ገና ያልተዋወቁ እንጂ የተጣሉ ሰዎች አይደሉም።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የቤተ መንግሥት ሥርዓት ባለጉዳይም ሆነ ከውጭ የመጣ እንግዳ ባልደራባ ይሰጠው ነበር፤ ባልደራባው የእንግዳውን ጉዳይ ወደ ንጉሡ ያቀርባል፣ የግቢውንም ወግ ለእንግዳው ያስረዳል። የባህል አገናኝ በጤና ተቋም ውስጥ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ባልደራባው የጌታው ሰው ሲሆን አገናኙ ለማንም ወገን አለማደሩ ነው። በሌላው ዓለም ሥራው ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ቆይቷል፤ ለምሳሌ ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1998 የውጭ ዜጎችን በሚመለከተው ሕጓ ውስጥ በስሙ ጠቅሳዋለች።

ከአስተርጓሚ በምን ይለያል?

አስተርጓሚ የተባለውን ያስተላልፋል፤ አገናኙ ደግሞ የተባለው ነገር በሌላው ወገን ዘንድ የተለየ ትርጉም እንዳይሰጠው ሲሰጋ ንግግሩን አስቁሞ ያብራራል። ሐኪሙ አንዲትን ኤርትራዊት እናት «እንዴት ነሽ?» ሲላት «ደሓን እየ፣ እግዚኣብሄር ይመስገን» ትለዋለች። አገናኙ ቃሉን እንዳለ ከተረጎመ በኋላ ይህ የሰላምታ መልስ እንጂ ስለ ጤንነቷ የተሰጠ ቃል እንዳልሆነ፣ ሐኪሙም ጥቂት ቆይቶ በሌላ መንገድ ቢጠይቃት እንደሚሻል ያመለክታል። በእርግጥ ይህን ለአዲስ አበባ ሐኪም ማስረዳት አያሻም፤ የእሱም እናት የምትመልሰው እንደዚሁ ነው። ችግሩ ወረፋው ሲረዝም የሚያውቀውን መርሳቱ ነው።

ነገር ግን አገናኙ «ሴትዮዋ ከፍቷታል፣ ልትደብቅ ነው» ሊል አይገባውም፤ ልማድን ማስረዳትና የሰው ልብ መገመት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከራሱ አንድም ቃል በጨመረ ቁጥር «ይህ የእኔ ማብራሪያ ነው» ብሎ በሁለቱም ቋንቋ ማሳወቅ ግዴታው ነው።

አዲስ አበባ የሚኖሩ ስደተኞች አማርኛ ይለምዱ የለም እንዴ? አገናኝ ለምን ያስፈልጋቸዋል?

ኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን የሚደርሱ ስደተኞችን ታስተናግዳለች፤ አብዛኞቹ በድንበር አካባቢ ባሉ ጣቢያዎች ይኖራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አሉ፤ ኤርትራውያን በቁጥር ይበልጣሉ፣ ሶማሌዎች፣ የመኖች፣ ሱዳናውያን፣ ደቡብ ሱዳናውያንና ኮንጎዎችም አሉ። ብዙዎቹ የገበያ አማርኛ ያውቃሉ። መርካቶ ላይ ዋጋ ተከራክሮ የሚገዛ ሰው ግን በበረሃ መንገድ ላይ ጥሎት የመጣውን ወንድሙን በዚያው አማርኛ ሊያወራ አይችልም፤ ሰው የሚያለቅሰው በእናቱ ቋንቋ ነው።

መቀራረብም ያሳስታል። ትግርኛ «እሰማለሁ» የሚል የአማርኛ ተናጋሪ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በትግርኛ «ጓል» ልጃገረድ፣ «ገዛ» ደግሞ ቤት ማለት መሆኑን የማያውቅ ሰው፣ ሴትየዋ ስለ ልጇና ስለ ቤቷ ስታወራ ስለ አፈርና ስለ ግዢ የምታወራ ሊመስለው ይችላል። ይህ ያስቃል፤ ሕመምን በሚመለከት ጊዜ ግን አያስቅም።

ሌላው ምክንያት የባለሙያ እጥረት ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠናም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት በግጭት በተጠቁ አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶ ያህሉ አንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር አለባቸው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሐኪሙ የሚያገኛት ግማሽ ሰዓት ባለመግባባት እንዳታልቅ ማድረግ ራሱ ሕክምናን ማገዝ ነው።

ማን ሊሠለጥን ይችላል? ዲግሪስ ያስፈልጋል?

ዲግሪ አያስፈልግም። ሁለቱን ቋንቋዎች አቀላጥፎ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ፣ ምሥጢር መያዝ፣ ከራስ የተለየ እምነትና ፖለቲካ ያለውን ሰው ሳይገላምጡ ማድመጥ ያስፈልጋል። ስደተኛም ሆነ የአገሩ ተወላጅ ሊሠለጥን ይችላል። በተቻለ መጠን የሴቶች ቁጥር ከወንዶች ማነስ የለበትም፤ ጾታዊ ጥቃት የደረሰባት ሴት በወንድ አገናኝ ፊት ዝም ማለቷ የተለመደ ነው።

የማንቀበላቸውም አሉ። የቤት ደላላ፣ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ በስደተኞች ማኅበር ውስጥ ማን ድጋፍ ያግኝ ብሎ የሚመዘግብ ሰው፣ ችሎታው ምንም ያህል ቢሆን፣ ያንን ሥራ ሳይተው አገናኝ ሊሆን አይገባውም። ስደተኛው የሌሊት ቅዠቱን የሚነግረው የነገ ዘይትና ዱቄቱ በእጁ ላለ ሰው መሆን የለበትም።

ሥልጠናው ምን ያካትታል? ስንት ጊዜስ ይፈጃል?

ሁሉም ተቋም የየራሱን መርሐ ግብር ስለሚያወጣ አንድ ወጥ ርዝመት የለውም። የሁለት ቀን ስብሰባ፣ ሻይ ቡናና የምስክር ወረቀት ግን ሥልጠና ሊባል እንደማይገባ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ቢያንስ የአእምሮ ሕመሞችን መሠረታዊ ምልክቶች፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሥነ ልቦናዊ እርዳታን፣ የምሥጢር አጠባበቅን፣ በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 የተደነገጉትን የስደተኞች መብቶች፣ በከተማው ውስጥ ሰውን ወዴት መላክ እንደሚቻል እና የማስተርጎም ስልትን መሸፈን አለበት። ከጊዜው ግማሽ ያህሉ ለልምምድ ሊውል ይገባል፤ ከክፍሉም በኋላ ጀማሪው ልምድ ካለው አገናኝ ጎን ተቀምጦ የሚያይበት ወቅት ያስፈልገዋል።

ስልቱ ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ሐኪሙና ስደተኛው ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ አገናኙ በጎን ይቀመጣል፤ ስደተኛው «አልተኛም» ካለ አገናኙም «አልተኛም» ይላል እንጂ «አልተኛም ይላል» አይልም። ወጣቱ ሐኪም አንዲትን አረጋዊት «አንቺ» ብሎ ሲጠይቃቸው ምን ይደረግ የሚለው በየሥልጠናው ክርክር ያስነሣል። የእኛ መልስ አገናኙ በትግርኛው የአክብሮት መጠሪያ «ንስኽን» ብሎ ይጠይቃቸው፣ ይህንንም ማድረጉን ለሐኪሙ ይንገረው የሚል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሐኪሞችና ነርሶችም መሠልጠን እንዳለባቸው ነው። ከአገናኝ ጋር እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ባለሙያ አምስት ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ «ንገረው» ይላል፤ ከዚያም አገናኙን እያየ እንጂ ታካሚውን እያየ አይናገርም።

አገናኙ ራሱ ምክር መስጠት ይችላል?

በተሰጠው ሥልጠና ልክ። የተለያዩ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በጋራ ያወጡት እ.ኤ.አ. የ2007ቱ የአስቸኳይ ጊዜ የአእምሮ ጤናና ሥነ ልቦናዊ ድጋፍ መመሪያ ድጋፉን በአራት እርከን ይከፍለዋል፤ ከታች መሠረታዊ አገልግሎትና ደኅንነት፣ ቀጥሎ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍ፣ ከዚያ ሐኪም ያልሆኑ ሠልጣኞች በተወሰኑ ሰዎች ላይ አተኩረው የሚሰጡት ድጋፍ፣ ከላይ የባለሙያ ሕክምና ይገኛሉ። አገናኙ በአራቱም እርከኖች ሊያስተረጉም ይችላል፤ ራሱ ድጋፍ ሰጪ የሚሆነው ግን በታችኞቹ ነው። ማየት፣ ማድመጥ፣ ማገናኘት በሚሉ ሦስት ተግባራት የሚታወቀውን የመጀመሪያ ደረጃ ሥነ ልቦናዊ እርዳታ ማንኛውም አገናኝ መቻል አለበት።

ተጨማሪ ሥልጠናና ተቆጣጣሪ ባለሙያ ካለው የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ ላልሆኑ ረዳቶች ጭምር ያዘጋጀውን የአምስት ክፍለ ጊዜ የችግር አፈታት ድጋፍ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ዘዴ በፓኪስታንና በኬንያ ተፈትኖ ውጤት አሳይቷል። በዚህ ጊዜ ረዳት እንጂ አገናኝ አይደለም፤ ሁለቱን ካባ በአንድ ቀን ለአንድ ሰው መልበስ አይፈቀድም። ሰውን «የደረሰብህን ሁሉ ተናገር፣ ይቀልልሃል» ብሎ መገፋፋት ደግሞ ለማንም አይፈቀድም፤ ሰው የደረሰበትን ሁሉ ወዲያው፣ በአንድ ጊዜ እንዲናገር ማድረግ እንደማይጠቅም፣ ሊጎዳም እንደሚችል ታውቋል።

በመጠይቅ የሚደረግ የድባቴ (ዲፕረሽን) ምርመራ እንዴት ይተረጎማል?

በቦታው፣ በአፍ፣ ያለ ዝግጅት በሚሰጥ ትርጉም መሆን የለበትም። «ፒ.ኤች.ኪው-9» የሚባለው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መመዘኛ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ የአማርኛው ቅጂ አገር ውስጥ ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው። ለሌላ ቋንቋ የተረጋገጠ ቅጂ ካለ እሱን መጠቀም፣ ከሌለ ትርጉሙን አስቀድሞ ማዘጋጀትና በሌላ ሰው ወደ ኋላ አስመልሶ ማመሳከር ያስፈልጋል። «ድባቴ» የሚለው ቃል ራሱ ከሐኪም ቤት ውጪ ብዙ አይሰማም፤ ሰው የሚለው «ሆዴ ባባ»፣ «ውስጤ ተቃጠለ»፣ «ራሴን ይወቅረኛል» ነው።

ቃሉ ከተስተካከለ በኋላም ጥያቄው ሊስት ይችላል። «የምግብ ፍላጎትህ ቀንሷል?» ተብሎ በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን የተጠየቀ ሰው ስለ ጾሙ ይመልሳል። የቤት ኪራይ ከፍሎ ምንም ያልተረፈው ሰው «አልበላም» ሲል ፍላጎት አጥቶ ነው ወይስ ምግብ? ስምንት ሆኖ በአንድ ክፍል የሚያድር ሰው «እንቅልፍ የለኝም» ሲል ጭንቀት ነው ወይስ ሕፃኑ ሲያለቅስ ያድራል? አገናኙ ነጥቡን አይለውጥም፣ መልሱንም አያስተካክልም፤ ባለሙያው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ እንዲጠይቅ ያመለክታል። በእኔ እይታ የሥራው ዋና ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሰው እነዚህን አያያቸውም።

ልጇ ወይም ባሏ ቢያስተረጉምላትስ?

አይሆንም። ልጅ የእናቱን መደፈር መስማት የለበትም፤ ባልም የሚስቱን ሁሉ መስማት አይገባውም። ድንገተኛ ሁኔታ ገጥሞ ሌላ ሰው ከጠፋ፣ ለሕይወት የሚያስፈልገው ብቻ ተጠይቆ ቀሪው አገናኝ እስኪመጣ ይቆያል።

ታማሚው ሕመሙ የመንፈስ፣ የዛር ወይም የጂን ነው ካለ አገናኙ ምን ይላል?

እንደተባለ ይተረጉማል። «ይህ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው» ብሎ በሐኪሙ ፊት ማፈር፣ ወይም ሐኪሙ እንዳይስቅ ሰግቶ «ትንሽ ይጨንቀዋል» ብሎ ማለፍ፣ ሁለቱም ጥፋት ነው። ከዚያ ባለሙያው ማን እንዲህ እንዳለው፣ ምን እንደተደረገለት፣ ምን እንደረዳው እንዲጠይቅ ያግዛል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአማኑኤል በፊት እንጦጦ ጸበል የሄደ ሰው ብዙ ነው፤ አገሬውም ስደተኛውም በዚህ አይለያዩም።

ጸበልንና መድኃኒትን ማፋለም አያስፈልግም። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ማስተማራቸው ይታወሳል፤ ይህንን መጥቀስ ለኦርቶዶክስ ታማሚዎች ብዙ በር ይከፍታል። ሰው ታስሮ ወይም ተደብድቦ ከሆነ፣ ወይም መድኃኒቱን በድንገት እንዲያቋርጥ ከተነገረው ግን ጉዳዩ የእምነት ሳይሆን የደኅንነት ነው፤ ለባለሙያው ወዲያውኑ ይነገራል።

ስደተኞች ከራሳቸው ወገን የመጣን አገናኝ ያምናሉ?

ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ አያምኑም፤ አለማመናቸውም በቂ ምክንያት አለው። መጨረሻ ከሌለው የኤርትራ ብሔራዊ አገልግሎት ሸሽቶ የመጣ ሰው ጆሮ ጠቢን ሲፈራ ኖሯል፤ አሁን የተቀመጠው ሰው የማን እንደሆነ በምን ያውቃል? ከዚህ በተጨማሪ ከተማው ሰፊ ቢመስልም የስደተኛው ኅብረተሰብ ጠባብ ነው፤ ቦሌ ሚካኤል ያለ ሶማሌ ሌላው ሶማሌ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ጎሳው ምን እንደሆነ በሦስት ጥያቄ ያውቃል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ስደተኛው ይህን አገናኝ ይፈልገው እንደሆነ አገናኙ ክፍሉ ውስጥ በሌለበት ይጠየቃል፤ አልፈልግም ካለ ምክንያት አይጠየቅም። አገናኙ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ሰላም ማለት የለበትም፤ ስደተኛው ራሱ ሰላም ካላለው በስተቀር። ይህ በእኛ ባህል ኩራት ይመስላል፣ ይከብዳልም፤ ሆኖም ካፌ ውስጥ «እንዴት ነህ፣ ያ ነገር ተሻለህ?» ከማለት ይሻላል።

የሞት ዜና መነገር ሲኖርበት አገናኙ ያርዳ?

ብቻውን አያርዳ፤ በስልክም ፈጽሞ አያርዳ። በደጋው ሕዝብ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜ ገና ሲነጋ፣ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል፣ ሰውየውም ብቻውን ሆኖ አይሰማም። ኤርትራውያንም «መርድእ» ይሉታል፤ ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው። በሙስሊሞች ዘንድ ቀብር ስለሚፈጥን ዜናው አይዘገይም። ይህን ያላወቀ ሠራተኛ ስደተኛውን ቢሮ ጠርቶ «ይቅርታ፣ ወንድምህ ሞቷል» ቢለው ሐዘኑ ላይ ውርደት ይጨምርበታል። የአገናኙ ድርሻ ማን ሊያረዳ እንደሚገባ፣ ከማን ቤት፣ በምን ሰዓት የሚለውን ከተቋሙ ጋር መምከር ነው።

የበለጠ የሚከብደው አስከሬን የሌለው ሞት ነው። መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. በላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ ጀልባ ሰጥሞ ከ360 በላይ ሰዎች ሲያልቁ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህም ባሕሩና በረሃው ስንቱን እንደበሉ ቤተሰብ ብቻ ያውቃል። አንዱ ቤተሰብ ድንኳን ጥሎ፣ ተዝካር አውጥቶ እርሙን ያወጣል፤ ሌላው «ሊቢያ እስር ቤት ይኖራል» ብሎ ዓመታት ይጠብቃል። የሚጠብቀውን እናት «እውነቱን አልተቀበለችም» ብሎ መፈረጅ ለባለሙያው ይቀናዋል፤ አገናኙ አስከሬን ሳያዩ ማልቀስ ልጅን በቁሙ እንደ መቅበር ሊቆጠር እንደሚችል ማስረዳት አለበት።

ስደተኛው ራሱን ሊያጠፋ እንደሚያስብ ለአገናኙ በምሥጢር ቢነግረውስ?

ይህ ምሥጢር አይያዝም፤ አስቀድሞም፣ በመጀመሪያው ቀን፣ እንደማይያዝ ይነገረዋል። አገናኙ ሰውየውን ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ከባለሙያ ጋር ያገናኘዋል፤ አስቸኳይ ከሆነ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ጥያቄውን በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው አእምሮ ውስጥ አይተክልም፤ ብዙ ሠልጣኞች የሚፈሩት ይህን ቢሆንም። ተድበስብሶ «መጥፎ ሐሳብ ይመጣብሃል?» ተብሎ የተተረጎመ ጥያቄ ግን የተድበሰበሰ መልስ ያመጣል። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም የሚለው ፍርሃት ሰውን ዝም እንደሚያሰኝም ባለሙያው ማወቅ አለበት።

ስደተኛው «ፕሮሰሴን አስፈጽምልኝ» እያለ ቢያስቸግርስ?

አይፈረድበትም። ሶማሌዎች ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ባለ ጽኑ ናፍቆት ሰው ሲታመም «ቡፊስ» የሚል ስም ሰጥተውታል፤ ቃሉ በኬንያ የዳዳብ ጣቢያዎች ውስጥ በስፋት የታወቀ ነው። ካናዳ ወይም አሜሪካ የሚወስደው ጉዳይ ዓመታት ሲጓተት ሕመሙና ፕሮሰሱ አንድ ይሆናሉ። አገናኙ ተስፋ አይሰጥ፣ ቃል አይግባ፣ ስልክ አይደውልለት፣ ገንዘብም አይቀበል፤ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ይጠቁመው።

የአእምሮ ሕመም ማስረጃ ጉዳይን ያፋጥናል ብለው የሚመጡም አሉ። እውነቱን ለማወቅ መርማሪ መሆን የአገናኙ ሥራ አይደለም። ደግሞም ለማስረጃ ብሎ የመጣ ሰው እውነተኛ ሕመም የለውም ማለት አይቻልም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ሲኖሩ ደጋግመን አይተናል።

አገናኙ ይከፈለዋል?

ሊከፈለው ይገባል። «ለወገንህ ነው፣ በነጻ አድርገው» የሚለው ልመና ይሉኝታን መበዝበዝ ነው፤ ያልተከፈለው ሰውም ቀስ በቀስ ከስደተኛው መቀበል ይጀምራል። አገናኙ ስደተኛ ከሆነ ቀጣሪው የሥራ ፈቃድ ጉዳይን በሕጉ መሠረት ያሟላለታል።

አገናኙ ራሱ ያንኑ መንገድ ያለፈ ከሆነ አይጎዳም?

ይጎዳል። «እኔ» እያለ የሌላውን ማሰቃየት ሲተርክ ሰውነቱ የማን ታሪክ እንደሆነ አይለይም። በየሁለት ሳምንቱ ከአንድ ባለሙያ ጋር ተቀምጦ የሚያወራበት ጊዜ፣ በቀን የሚይዛቸው ሰዎች ገደብ፣ የማይችለውን ጉዳይ ያለ ቅጣት የመመለስ መብት በውሉ ላይ መጻፍ አለባቸው። እንቅልፍ ማጣት፣ ጫት ወይም መጠጥ ማብዛት፣ ታማሚዎችን መሸሽ ወይም በተቃራኒው በየቤታቸው መመላለስ ከታዩ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ያርፋል።

ባለሙያው ስደተኛውን ሲያመናጭቅ ወይም ስደተኛው ሐኪሙን ሲሳደብ፣ ይተርጎም ወይስ ይዋጥ?

ይተረጎማል። ነገር ግን ከመተርጎሙ በፊት ወደ ተናጋሪው ዞሮ «ይህ ቃል በሱ ቋንቋ ስድብ ነው፣ እንዳለ ልንገረው?» ብሎ መጠየቅ ይፈቀዳል። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ቃሉን ይመልሳል፤ ካልመለሰ ኃላፊነቱ የሱ ነው። ተደጋጋሚ ማመናጨቅ ከክፍሉ ውጭ፣ ለኃላፊ፣ በጽሑፍ ይቀርባል እንጂ አገናኙ እዚያው ጠበቃ አይሆንም።

እኔ ሥራውን በጀመርኩበት ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ተቋም ውስጥ አንዲት ነርስ «እነዚህ ሰዎች መቼም አይረኩም» ስትል ይሉኝታ ይዞኝ «ትንሽ ታገሥ ትልሃለች» ብዬ አለዘብኩት። ሰውየው ግን ፊቷን አይቶ ነበር፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ነርሷ እንድትቀየርለት ሳይሆን አገናኙ እንዲቀየርለት ጠየቀ።